ከክላፑ በፊት ያለው ድምፅ

ውባየሁን ድሮም አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «አንቺማ ቂም አለብሽ» እንዳትሉኝ ነው። አዎ፣ አለብኝ። ከየት እንዳመጣሁት ግን ስሙና እናንተው ፍረዱ።

ዘመኑ 1976 ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እየቀረበ ስለነበር መሥሪያ ቤታችን በየክፍለ ሀገሩ ፊልም የሚያነሡ ቡድኖች ይልክ ነበር። ለእኛ የደረሰን የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ነው። ውባየሁ ዳይሬክተር ነው፤ ሰው ስለማያምን ካሜራውንም ራሱ ይይዛል። መለሰ ድምፅ ይቀዳል። ደሴ ላንድሮቨሩን ይነዳል። እኔ ንጋትወርቅ ደግሞ የተነሣውንና የተቀዳውን ለኤዲተር አሰናዳለሁ።

ማሰናዳት ሲባል ቀላል ይመስላል። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለ ሆቴል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ሞክሩት። ሁለት እጄን እስከ ክርኔ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ የማላየውን ፊልም በዳበሳ ከካሜራው ሳጥን አወጣና ቆርቆሮው ውስጥ አስገባለሁ። ብርሃን ካየ ጠፋ፣ ላብ ከነካው ተበላሸ፣ አቧራ ከገባበት ተጫረ። በአዋሽ ሙቀት ደግሞ ላብ ከማን ይለመናል! ከዚያ የቆርቆሮውን አፍ በፕላስተር አሽገዋለሁ፣ ምን እንደተነሣበት እጽፍበታለሁ፣ ወደ ድምፁ እዞራለሁ።

ሥዕሉና ድምፁ የሚያዙት በተለያየ መሣሪያ ነው። ሁለቱን የሚያጋባቸው ክላፕ የምንለው ጣውላ ነው። ካሜራው ፊት ጧ ሲል በሥዕሉ ይታያል፣ በድምፁ ይሰማል፤ ኤዲተሩ እዚያ ላይ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ እኔ ድምፁ የተቀዳበትን ክር እያዳመጥኩ እያንዳንዱን ጧ እፈልጋለሁ። ከክላፑ በፊት ያለው ትርፍ ነው፤ ሳል፣ ነፋስ፣ «ተዘጋጁ» የሚል ጩኸት። በሥራችን ልማድ ማንም አይሰማውም፣ ተቆርጦ ይጣላል። መለሰ ግን መሣሪያውን ቀድሞ የማስነሣት ጠባይ ነበረው። መቅጃው እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል ይላል። ውባየሁ ለዚህ ሲሰድበው አይሰለቸውም፤ ክር በምጽዋት የሚመጣ ይመስል።

ሀጂራን መጀመሪያ ያወቅኋት በድምፅዋ ነው። ፊልሙ ገና አልታጠበም፤ መልኳን የማየው አዲስ አበባ ስገባ ነው። ከጥጥ እርሻው የመጣው ክር ላይ አንዲት ሴት በአፋርኛ ረጋ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ ትናገራለች። በመካከሉ አንድ የእርሻው ጠባቂ በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ ጠፋብኝ ነው የምትለው ጓድ» ይላል። ውባየሁ ይመልሳል፦ «እሺ በላት። ቃልሽን እናደርሳለን በላት። አሁን ወደዚህ እያየች ጥጡን ትልቀም።»

ሴትየዋ ያለችውን ማወቅ ነበረብኝ፤ ትርጉም ሳይኖረው ድምፅ ለኤዲተር አይላክም። ከጣቢያው ማዶ ሻይ ቤት ያለውን ከድሩን አስጠራሁት። ከድሩ የወሎ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ፍየል እየነገደ ከአፋር ጋር ስለኖረ ቋንቋቸውን እንደ ራሳቸው ይናገራል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነና እየሰማ ይነግረኝ ጀመር። ስሟ ሀጂራ ነው። ልጇ ጣሃ ይባላል፣ ግመል የሚጠብቅ ጎልማሳ ነው፣ ግራ ጆሮው ላይ የተተለተለ ምልክት አለው። ወንዙ የሚወረድበት መንገድ በጥጥ ስለተዘጋ ግመሎቹን ይዞ የእርሻው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። እሷ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቦዩ ወርዳ ስትመለስ ግመሎቹ አሉ፣ ልጇ የለም። ያየ ሰው ይንገራት። ይህን ቃል ረጅሙ ባለመነጽር ሰው፣ ውባየሁን ማለቷ ነው፣ ተቀብሏል፤ በመንገዱ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ ያደርስላታል።

ከድሩ ማዳመጫውን አወለቀ። «እህቴ፣ ይቺ ሴትዮ ለፊልም አይደለም የተናገረችው። ዳጉ ነው የነገረችው» አለኝ።

ዳጉ ምን እንደሆነ ያኔ ከእሱ ተማርኩ። በዚያ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቀመጣል። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን ሁሉ ይነጋገራል፤ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ቃሉን ተቀብሎ ያስቀረ፣ ወይም ያጣመመ፣ በሰው ዘንድ አይቆጠርም። ሀጂራ መሣሪያውን እንደ መንገደኛ ነው የቆጠረችው። ውባየሁ «እናደርሳለን» ሲላት፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቃሏን ተሸክሞ ይሄዳል ብላ አመነች። እሱ የፈለገው ጥጡን እንድትለቅምለት ነው።

ንዴቱ ገና እዚህ ላይ ነው የጀመረኝ። መጨረሻው ግን አልነበረም። ማዳመጫውን ነቅዬ፣ ክላፑን ልፈልግ ክሩን ወደ ኋላ ሳጠነጥን አሳልፌው ኖሮ፣ ሀጂራ ከመምጣቷ በፊት ከተነሣው ትዕይንት ፊት ላይ ቆመ። ከክላፑ በፊት የውባየሁ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፦

«ያ ግመል ይዞ የቆመው ማነው? ሂድ ሲባል አይሄድም እንዴ? ውሰዱልኝ ከዚህ።»

ጠባቂው ወዴት እንደሚወስዱት ይጠይቃል።

«የውትድርናው መኪና ቆሞ የለም? እሱ ላይ ጫኑትና ይሂድ። ዳግመኛ እንዳላየው።»

ከዚያ ግርግር፣ አንድ ሰው በአፋርኛ ሲጮህ፣ የግመል ግሳት፣ የመኪና ሞተር። ቀጥሎ የመለሰ ድምፅ ቁጥር ይጠራል፣ ጣውላው ጧ ይላል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። የጥጥ ማሳ ውስጥ የሚነፍስ ነፋስ ብቻ። ውባየሁ ያማረ ጸጥታውን አግኝቷል።

ከድሩ «ላ ሐውለ!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔ ክሩን አቁሜ ወጣሁ።

ውባየሁን የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ጥብስ ሲበላ አገኘሁት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። እጁን እንኳ ከትሪው አላነሣም። ጠባቂዎቹ የሚሠሩትን እሱ እንደማያውቅ፣ በሥራ ላይ ሰው ብዙ ነገር እንደሚል፣ ልጁም ለአገሩ ቢዘምት ክብር እንደሆነ ነገረኝ። እናቱስ ስለው ሣቀ። «እኛ የምንሠራው ፊልም ነው፤ ፖስታ ቤት አይደለንም» አለ። ሴትየዋ ጥሩ ፊት ስላላት ሥዕሏ ብቻ እንደሚበቃ፣ በላይዋ ሙዚቃና ንባብ እንደሚጫን፣ ድምፁን ግን አጥፍቼ ክሩን ለነገ ሥራ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ልነሣ ስል ደግሞ የበዓሉን ሥራ የሚያደናቅፍ ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው አስታወሰኝ። ያን ስም፣ ፀረ አብዮተኛ የሚለውን፣ በዚያ ዘመን የማያውቀው አልነበረም፤ ስሙ የወጣለት ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ከእስር ቤት እስር ቤት ይዞር ነበር።

ፈራሁ? ፈራሁ እንጂ። ክሩን ግን አላጠፋሁትም። ከልብሶቼ መካከል ሸጎጥኩትና ሌላ ባዶ ክር ለመለሰ ሰጠሁት።

በማግሥቱ ወደ ታች ወረድን። ውባየሁ ገዋኔ ላይ፣ የግመል ቅፍለት በወንዙ ዳር ሲያልፍ ማንሣት ይፈልግ ነበር፤ ንባቡም ላይ «ትናንት ዘላን፣ ዛሬ አምራች» ሊል አስቧል። ከድሩን በአስተርጓሚነት ይዘነዋል። ገዋኔ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ የሚበሉባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከገበያ የተመለሱ አፋሮች ከነግመሎቻቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ውባየሁ ከመኪና ሳይወርድ ግመሎቹ ተነሥተው ይሂዱልኝ በላቸው አለ። ከድሩ ግን እዚህ እንደዚያ እንደማይሆን፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ዳጉ መነጋገር እንደሚገባ ነገረው። እየተነጫነጨ ወረደ።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። የመሐሉ ሽማግሌ መጠየቅ ጀመሩ፤ ከድሩም ይመልሳል። ዝናብ እንደሌለ፣ ባቡሩ ምን እንደጫነ፣ አዋሽ ላይ ፍየል በስንት እንደዋለ። የተቀመጡት ሁሉ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ኤ» ይላሉ፤ ሰምተናል፣ ቀጥል ማለት ነው። በመጨረሻ ከድሩ ወደ እኔ ዞረና፣ የአንዲት እናት ቃል በመሣሪያ ውስጥ እንዳለና እሱም እንደሰማው ሊነግራቸው እንደሆነ በአማርኛ አስታወቀኝ። ውባየሁ ልብ ብሎ አልሰማውም፤ ቅፍለቱን የት እንደሚያቆም እያየ ነበር። ከድሩም ነገራቸው። ሽማግሌው ራሳቸው እንስማት አሉ።

መቅጃውን ከመኪናው አወረድኩና፣ ሸሽጌ ያመጣሁትን ክር አስገብቼ የሀጂራን ድምፅ ከፈትኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጎራዴ መሳዩን ጊሌያቸውን ወገባቸው ላይ እንደታጠቁ፣ ጠብመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ ለመሣሪያው «ኤ» እያሉ መለሱለት። እሷ ስታቆም እነሱ ይላሉ፣ እነሱ ሲሉ እሷ ትቀጥላለች። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ነበር የምትመስለው። ስትጨርስ ሽማግሌው ጥያቄ አቀረቡ፤ ግመሎቹ አሁን ከማን ጋር ናቸው? መሣሪያው ዝም አለ። ሽማግሌው ጠበቁ። ከዚያ ቃሉን ተቀብሏል የተባለው ረጅሙ ባለመነጽር ማን እንደሆነ ጠየቁ። ከመካከላችን መነጽር ያደረገው አንድ ብቻ ነው። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ።

ውባየሁ ቆጣ ብሎ ከድሩን «ምን ውስጥ ነው የከተትኸኝ?» አለው። ከድሩ ግን ፈቅ አላለም። ሽማግሌው የሚጠይቁት እሱ በቦታው ነበርና ያየውን እንዲናገር ብቻ እንደሆነ አስረዳው።

«ምንም አላየሁም» አለ ውባየሁ። «ግመል የያዘ ሰው የሚባል አላየሁም።»

ከድሩ አልተረጎመውም። «ጌታው፣ ይሄ ስብሰባ አይደለም። ዳጉ ነው። በዳጉ ላይ የዋሸ ሰው በዚህ መንገድ ውኃ የሚሰጠው አያገኝም። እንደገና ልጠይቅዎት፤ ልጁን አይተውታል?»

«አላየሁም አልኩ እኮ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የውባየሁ ውሸት ግን ማደርም አላስፈለገው። በእኔ አንጀት ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረው ሁሉ እዚያ ላይ ነደደ። «ጓድ» ማለቱም አንቱታውም ከአፌ ጠፋ። «ድምፅህን ትሰማለህ!» አልኩትና ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠንኩ። ሊይዘኝ ተነሣ። መለሰ፣ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው መለሰ፣ መካከል ገብቶ ቆመ።

«ውሰዱልኝ ከዚህ» አለ የውባየሁ ድምፅ ከመሣሪያው። «የውትድርናው መኪና ቆሞ የለም? እሱ ላይ ጫኑትና ይሂድ።» ከድሩ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ አፋርኛ መለሰው። የልጁ ጩኸት ሲመጣ መተርጎም አላስፈለገውም። ጣውላው ጧ ሲል ዘጋሁት።

ማንም «ኤ» አላለም።

ይገድሉታል ብዬ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ፣ በዚያች ደቂቃ ቢገድሉትም የምከለክል አልነበርኩም። ሽማግሌው ግን እጃቸውን እንኳ አላነሡም። ቃሉን የተቀበለው እሱ ስለሆነ እሱው ተሸክሞት እንደሚሄድ ነገሩት። ልጁን የጫነው መኪና በዚህ አልፎ በወረደበት መንገድ ሁሉ፣ ሰው ባየ ቁጥር ወርዶ ይቀመጣል፣ ጣሃን ያየ እንዳለ ይጠይቃል። ከመጠየቁ በፊት ደግሞ ማን እንዳስጫነው ይናገራል። ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ጎልማሶች ምንም ሳይነጋገሩ ከላንድሮቨሩ ኋላ ወጥተው ተቀመጡ።

ውባየሁ ኬላ ላይ ወታደር ሲያይ ያሳስረናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሚሌ ኬላ ላይ ወታደሩ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ እነዚህ እነማን ናቸው ሲል፣ ውባየሁ አፉን ከፈተ፣ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ፣ «መንገድ መሪዎች ናቸው» አለ። በጉልበተኛ ሰው ሥር የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ጉልበቱ ከእሱ ጋር አይደለም፣ ከኋላው የቆመ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። የዚያን ቀን ከኋላው የቆሙት ሌሎች ነበሩ።

በመንገዱ ሁሉ ወርዶ ጠየቀ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን እየዋጠ፣ ኋላ ላይ በተለመደ ሥራ ቃና። እኔ ከመኪናው ሆኜ አየዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ አፍ፣ ትቢያ ላይ ተቀምጦ «እኔ ነኝ ያስጫንኩት» ሲል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ሰውየው ማፈሩን ስፈልግበት የማየው ድካሙን ብቻ ነበር። ዳጉው ደግሞ ከእኛ መኪና ቀድሞ ይሄዳል፤ በምን እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ። አንዳንድ ቦታ ገና ሳይጀምር «ሰምተናል፣ እኛ ጋ አላለፈም» ይሉታል።

ዛሬ ሰመራ የምትባል ከተማ አለች፤ ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባጃጁ። ያኔ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ነበር። ዱብቲ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ እዚያ ሜዳ ላይ ፍየል የሚጠብቁ ባልና ሚስት መንገድ ዳር ቆመው አየን። መኪና ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ ይጠብቁን ነበር። ውባየሁ ተቀመጠ፣ ተናገረ፣ ጠየቀ። ሰውየው እስኪጨርስ ጠብቆ መለሰለት። ከድሩ ሲተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ።

ልጆች የጫነ የወታደር መኪና በዚህ አልፏል። ደረቁ ወንዝ ጋ ዝግ ሲል አንድ ጎልማሳ ዘለለ። ድንጋዩ ላይ በጭንቅላቱ ነው የወደቀው። መኪናው ትንሽ ቆሞ አየውና ሄደ። ባልና ሚስቱ ጥላ ሥር አድርገው ውኃ አጠጡት፤ ስሙን፣ ጎሣውን፣ የእናቱን ስም ነገራቸው። ግራ ጆሮው ምልክት አለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። እዚያው ቀበሩት፤ አዲስ የተከመረ ድንጋይ በእጃቸው አሳዩን።

ከኋላ የነበሩት ጎልማሶች ወርደው ክምሩ ጋ ሄዱና መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሐ አደረጉ። ከድሩም አብሯቸው። መለሰ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሣና ክምሩ ላይ ጨመረ። ውባየሁ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ከአቧራ ያጸዳ ጀመር። ደጋግሞ አጸዳው። በዚያ ሁሉ መካከል የመነጽሩ አቧራ ታየው! ነጥቄ ብረግጠው እንዴት ደስ ባለኝ። ፍየል ጠባቂው ግን ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር። ወደ ውባየሁ ዞሮ፣ የእናቱን ቃል ያመጣኸው አንተ ነህ፣ የልጁንም ቃል የምትመልሰው አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው አይነግርልህም አለው።

ዱብቲ ሳንገባ ተመለስን። ውባየሁ ብርሃኑ ለሥራ አይመችም አለ። ሁለቱ ጎልማሶች ገዋኔ ላይ ወረዱ፤ ወደ እሱ ሳያዩ ሄዱ። ከእነሱ በኋላ መኪናው ውስጥ የነበረው አየር ተለወጠ። ውባየሁ ቀስ በቀስ ቁመቱ ተመለሰለት። ሲጋራ ለኮሰ። አዲስ አበባ ስንገባ የእያንዳንዳችንን ጉዳይ የሚያየው ክፍል እንደሚያየው ነገረን፤ ክሩንም አምጪ አለኝ። አልሰጥም አልኩት። የእርሻው መገንጠያ ጋ ስንቃረብ ደግሞ ደሴን አዘዘው፦

«ቀጥ ብለህ ንዳ። እዚህ አንቆምም።»

ደሴ የሁለት ቀን መንገድ ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የመጣ ሰው ነው። የሾፌር ዓይነት ጭምት፤ ሰው መኪናው ውስጥ መኖሩን የሚረሳው። አሁንም አልተነፈሰም። መሪውን ወደ እርሻው ጥምዝዝ አደረገውና ፍጥነቱን ሳይቀንስ አስፋልቱን ለቆ ወጣ። ውባየሁ ጮኸ፣ መሪውን ሊይዝ ሞከረ፣ የሥራ መልቀቂያህን ጻፍ አለው። ደሴ በጥጡና በቦዩ መካከል እየነዳ፣ የሰሌን ጎጆዎች የቆሙበት ጠርዝ ጋ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ውረድ» አለው።

ሀጂራን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ከድምፅዋ ይልቅ ቀጭን ናት። ሦስት ግመሎች አስራ ጎጆዋ ደጃፍ ቆማ ነበር። መኪናውን ስታይ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ከለለች። ከውስጡ የሚወርደው ማን እንደሆነ ስትለይ ፊቷ በራ። ጥርሷ ሁሉ ታየ። እየሮጠች ሰሌን አምጥታ አነጠፈች፣ ውኃ በቅል አቀረበች። ቃሏን ያደረሰላት ሰው ተመልሶ መጥቷል። መጥቷል ማለት ወሬ ይዟል ማለት ነው።

ውባየሁ ተቀመጠ። ምን ያድርግ! ሀጂራ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለችና በደንቡ መሠረት ጀመረች፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሣር አያችሁ ወይ፣ ደመና አለ ወይ። ከድሩ ጥያቄዋን አንድ በአንድ አመጣለት፤ እሱም ደህና ነው፣ የለም፣ የለም እያለ መለሰ። ከዚያ ዝም አለች። ተራው የእሱ ነው። ወደ መለሰ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። ማናችንም ዓይናችንን ከእሱ ላይ አላነሣንም፤ ጠብቀን አየነው። ሀጂራ ስትጠብቅ የፊቷ ብርሃን ትንሽ እንኳ አልቀነሰም።

«ልጅሽ ሞቷል» አለ በአማርኛ፣ ቶሎ ብሎ፣ ሊነሣ እየተንጠራራ።

ከድሩ አልተረጎመም። እጁን ትከሻው ላይ ጫነና መልሶ አስቀመጠው።

«እንዲህ አይነገርም» አለው። «ከመጀመሪያው ነው የሚነገረው። ካሜራህን ይዘህ የቆምክበት ጋ ጀምር። ልጁ የት ነበር የቆመው?»

ውባየሁ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ጀመረ። ጠዋት እርሻው ጋ ደረስን አለ። ጥጡ ጥሩ ነበር አለ። አንድ ግመል የያዘ ሰው ነበር አለ። ድምፁ እዚያ ላይ ተያዘ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ። ከድሩ ሁሉንም ሰምቶ በአንዴ ሊተረጉመው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።

አማርኛ የማትሰማው ሀጂራ ደግሞ በቆመ ቁጥር፣ ፈገግ ብላ፣ «ኤ» ትለዋለች።